ጅማ ውስጥ ለምናሳድጋት ልጅ ጉዲፈቻ የሚያጸድቀው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጅማ ነው። ታላቅ እህቴ ቦንጋ ላይ ስታርፍ ሕፃን ልጇን ወስደን ማሳደግ ጀመርን። ልጅቷ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ እኔን እማዬ ነው የምትለኝ። አባቷ በሕይወት አለ፤ ቦንጋ ይኖር ነበር፣ አሁን ግን አዲስ አበባ ገብቷል ይባላል። በሕግ ልጃችን ልናደርጋት እንፈልጋለን። አንድ ሰው ‹ጉዲፈቻ የሚጸድቀው አዲስ አበባ፣ ልደታ ነው› አለን። ሌላው ቦንጋ ሂዱ አለን። የባለቤቴ ዘመዶች በሽማግሌ ፊት በባህሉ ስለተቀበልናት ሌላ ወረቀት አያስፈልግም ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ሙስሊሞች ስለሆንን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ቢያልቅ ይመርጣል። ጉዳይ እጨርሳለሁ የሚል ሰውም ገንዘብ ጠይቆናል። ሥልጣኑ የማን ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ለእህትዎ ልጅ ቤትዎን ስለከፈቱ አላህ ይቀበልዎ። መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርዎ። የጉዲፈቻ ስምምነታችሁን ማጽደቅ የኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው፤ ደረጃው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ቦታውም የምትኖሩበት ጅማ ነው። ልደታ መሄድ አያስፈልግዎትም። ቦንጋም ለዚህ ጉዳይ አይሄዱም፣ ለሌላ ጉዳይ ግን ሊሄዱ ይችላሉ፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ የፍርድ ቤቱ ነገር አይደለም። በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያለፉት የአባቷ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ልደታን እናንሳ። ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ስለማውቅ መካሪውን በክፉ አላየውም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ጉዲፈቻ ሲባል ጎልቶ የሚታየው የውጭ አገር ሰዎች ጉዲፈቻ ነበር። የውጭ ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት ጉዳይ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል ጉዳይ ነበር፤ ጉዲፈቻውን የሚያገናኙት ድርጅቶችም አዲስ አበባ ላይ ስለነበሩ መዝገቦቹ እዚያው ልደታ ባለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይከፈቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራውን የለመደ ሰው ዛሬም ጉዲፈቻ ሲሰማ ልደታን ያስባል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1070/2010 የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ ዳግም አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ እንዲቀር አድርጓል። የእናንተ ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ምንም የለም። ሁለታችሁም ኢትዮጵያውያን ናችሁ፣ ልጅቷም ኢትዮጵያዊት ናት።

የሕጉ መሠረት እንዲህ ነው። በሕገ መንግሥታችን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት በመርህ ደረጃ የክልሎች ሥልጣን ነው። አዋጅ ቁጥር 213/1992 ብለን የምንጠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 69/1995 አውጥቶ በአዋጅ ቁጥር 83/1996 አሻሽሎታል። የአማራ ክልልም ሆነ የቀድሞው የደቡብ ክልል እንዲሁ የየራሳቸውን አውጥተዋል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ጅማ ውስጥ ለምትኖር ልጅ የሚያደርገው ጉዲፈቻ በክልሉ ሕግ ይመራል፤ የክልሉን ሕግ ሥራ ላይ የሚያውለውም የክልሉ ፍርድ ቤት ነው።

እዚህ ላይ «አባትየው ግን ሌላ ክልል ነው፤ በተለያየ ክልል የሚኖሩ ሰዎች ጉዳይ የፌዴራል አይደለም ወይ?» የሚል ጠበቃ ሊያጋጥምዎት ይችላል። ሐሳቡ ባዶ አይደለም፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕግ መደበኛ ነዋሪነታቸው በተለያየ ክልል በሆነ ሰዎች መካከል የሚነሳን ክርክር የፌዴራል ያደርገዋል። እንዲህም ሆኖ ሁለት ነገሮችን እንይ። አንደኛ፣ አባትየው ተስማምቶ ስምምነቱን ከፈረመ ክርክር የለም። ፍርድ ቤቱ የሚቀርብለት የጋራ አቤቱታ ነው፣ ከሳሽና ተከሳሽ የሉበትም። ሁለተኛ፣ ነገሩ ወደ ክርክር ቢለወጥና የፌዴራል ጉዳይ ነው ቢባል እንኳ ሻንጣ ይዞ ወደ 350 ኪሎ ሜትር መጓዝ ግድ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንዳንድ ክልሎች እንዲቋቋም ሲያደርግ ኦሮሚያ ከእነዚያ መካከል አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክርክር ቢነሳ የሚታየው እዚሁ ጅማ፣ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

የወረዳ ነው ወይስ የከፍተኛ የሚለውም ጥያቄ ግር ሊያሰኝዎት ይችላል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 15 ላይ የልጅነትን ጉዳይ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተለዩት ጉዳዮች መካከል ዘርዝሮት ነበር። ከዚያ ተነስተው ጉዲፈቻም ልጅነትን ስለሚፈጥር የከፍተኛ ነው የሚሉ አሉ። የፍርድ ቤቶች ደረጃና ሥልጣን ግን ከዚያ ወዲህ በፌዴራልና በክልል የፍርድ ቤት አዋጆች ተደልድሏል፤ ኦሮሚያ ውስጥ ተራው የቤተሰብ ጉዳይ የሚጀመረው ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የዳኝነት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አቤቱታዎን ለሬጅስትራር አሳይተው የትኛው ችሎት እንደሚያየው ያረጋግጡ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ ዓይነትና ደረጃ፣ በስህተት ከታለፈ ተከራካሪው ዝም ቢልም ፍርድ ቤቱ በማንኛውም ጊዜ ራሱ አንስቶ መዝገቡን መዝጋት አለበት፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 9 ይህን ይላል። የቦታ ሥልጣን ግን እንዲህ አይከብድም። በቁጥር 10 መሠረት መቃወሚያው ገና ከመነሻው መቅረብ አለበት፤ ካልቀረበ በኋላ ላይ በዚህ ብቻ ውሳኔው አይፈርስም። ያልሆነ ከተማ መሄድ ድካምና ወጪ ነው። ያልሆነ ደረጃ መሄድ ግን የልጅቷን ወረቀት ሁልጊዜ የሚነቀነቅ ያደርገዋል።

ቦታውስ ለምን ጅማ? ዳኛው ስምምነቱን የሚያጸድቀው ለልጅቷ ጥቅም መሆኑን ካረጋገጠ ብቻ ነው። የፌዴራሉ ሕግ በቁጥር 194 የልጁን አስተያየትና የጉዲፈቻ አድራጊውን የማሳደግ አቅም እንዲመረምር ያዘዋል፤ ኦሮሚያ ውስጥም ዳኛው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ልጅቷን ማነጋገር፣ ቤታችሁን ማየት፣ ጎረቤትና ትምህርት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ሪፖርት ያቀርባል። ልጅቷ ያደገችው፣ የምትማረው፣ የምትታወቀው ጅማ ሆኖ ሳለ ይህን ከቦንጋ ሆኖ የሚያደርግ ዳኛ የለም።

አሁን ወደ አባትየው ልምጣ። እናቷ በሕይወት ስለሌለች በሕግ የልጅቷ አሳዳሪና ሞግዚት አባቷ ነው። እናንተ እያበላችሁ፣ እያስተማራችሁ፣ ሌሊት ትኩሳቷን እየለካችሁ ያሳደጋችኋት መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ጉዲፈቻ በጉዲፈቻ አድራጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ በቁጥር 190 እና 191 እንዲህ ይለዋል፣ የኦሮሚያውም በዚህ መሠረታዊ ነገር አይለይም። ወላጆች በሕይወት ካሉና ከታወቁ ፈቃዳቸው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሞተ የሌላው ፈቃድ። የልጅቷን አባት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በሕይወትም አለ።

ይህንን የሚደብቁ አቤቱታዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። «አባቷ አይታወቅም» ተብሎ ይጻፋል፣ ሁለት ምስክር ይሰማል፣ ስምምነቱ ይጸድቃል። ከዓመታት በኋላ አባት ወይም የአባት ወንድም መጥቶ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መሠረት «ተካፋይ መሆን ሲገባኝ ሳልጠራ መብቴ ተነካ» ብሎ መቃወሚያ ያቀርባል። ያን ጊዜ ልጅቷ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ እናቴ የምትላት ሴት በፍርድ ቤት ዋሸች ሲባል ተቀምጣ ትሰማለች። ሐሰተኛ ምስክርነት ወንጀል መሆኑም አይቀርም። እህቴ፣ ማንም ቢመክርዎት ይህን አያድርጉት። አሁን ጥቂት ወራት የሚወስደው ፍለጋ በኋላ ከሚመጣው ብዙ ይቀላል።

ስለዚህ አባትየውን ፈልጉት። ቦንጋ ያሉ ዘመዶቹን ጠይቁ፤ በሽማግሌም ቢሆን አነጋግሩት። ጉዲፈቻ ልጅን ከወለዳት ወገን ፈጽሞ እንደማይቆርጣት ንገሩት። በፌዴራሉ ሕግ ቁጥር 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወላጅ ቤተሰቧ ጋር ያላት ዝምድና ይቀጥላል፤ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል። ብዙ አባቶች እምቢ የሚሉት ስማቸውና ዘራቸው የሚጠፋ እየመሰላቸው ነው። ተስማምቶ አዲስ አበባ ከሆነ እዚያው በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ውክልና ወይም የፈቃድ ቃል ሊሰጥ ይችላል፤ እኔ ግን መጥቶ በችሎት ቃሉን ቢሰጥ እመርጣለሁ፣ ዳኛው ፊት የተሰጠ ፈቃድ በኋላ አስገደዱኝ ለማለት አይመችም።

ፈልጋችሁ ብታጡትስ? ወደ ቦንጋ የምትሄዱት ያን ጊዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 154 አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ማንኛውም ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል ይላል። በቁጥር 155 መሠረት ይህን የሚያየው የጠፋው ሰው ዋና መኖሪያው የነበረበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው። ዋና መኖሪያው ቦንጋ ከነበረ አቤቱታው የሚቀርበው እዚያ ነው። «አዲስ አበባ ገብቷል ይባላል» የሚለው ወሬ ግን ራሱ ወሬ ነውና ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ በጋዜጣም ቢሆን ጥሪ እንዲደረግለት ቢያዝ አይግረማችሁ። በነገራችን ላይ የእህትዎ ውርስም የሚከፈተው በሞተችበት ጊዜ ዋና መኖሪያዋ በነበረበት ቦታ ነው። ልጅቷ የእናቷ ወራሽ ናት፣ ጉዲፈቻው ይህንን አይነካባትም፤ ስለዚህ ቦንጋ ቤትም ሆነ ይዞታ ካለ የወራሽነት ማስረጃውን ለይታችሁ እዚያ አውጡላት።

የሸሪዓው ጥያቄ ባለቤትዎ በቅንነት ያነሱት ስለሆነ በጥሞና ልመልሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ፈቅደው የግልና የቤተሰብ ክርክራቸውን በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መጨረስ እንዲችሉ ይፈቅዳል። ፈቃድ የሁሉም ወገን ነው፤ አባትየው ካልፈቀደ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ በእርሱ ላይ መቀጠል አይችልም። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 188/1992 የዘረዘራቸውን ካየን ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የሕፃናት ሞግዚትነት፣ የቤተሰብ ዝምድና፣ ወቅፍ፣ ስጦታና ውርስ አሉ። ጉዲፈቻ ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ እስልምና የየቲምን (የወላጅ አልባ ልጅን) ማሳደግ ከታላላቅ መልካም ሥራዎች ቆጥሮ ሳለ ዘሯን ወደ አሳዳጊዋ መለወጥን ግን አይቀበልም። ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው የሚለው የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ በዚህ ላይ ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 20 ከፋላን፣ ማለትም የልጅን ዘር ሳይለውጡ ወስዶ ማሳደግን፣ ከጉዲፈቻ ጎን ለጎን ሲጠቅሰው ይህን መንገድ አክብሮ ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አላችሁ፣ ምርጫውም የእናንተ ነው። አንደኛው መንገድ ጉዲፈቻ ነው፤ የወረዳ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል፣ ልጅቷ በሕግ ልጃችሁና ወራሻችሁ ትሆናለች። ሁለተኛው ሞግዚትነት ነው፤ ልጅቷ የአባቷን ስም ይዛ በእናንተ ሥር ታድጋለች፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በስሟ ትወስናላችሁ፣ ሀብት እንዲደርሳት ከፈለጋችሁ በሕይወት ሳላችሁ ስጦታ ትሰጧታላችሁ ወይም በሸሪዓው እስከ ሲሶ ድረስ ትናዘዙላታላችሁ። ሁለተኛው ከአንደኛው ያነሰ ፍቅር አይደለም። አባትየው ጉዲፈቻን እምቢ ብሎ ሞግዚትነትን የሚቀበልበት ጊዜም አለ። የማልመክራችሁ ግን የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ወረቀት ይዞ በኋላ «ጉዲፈቻ ነው» ብሎ መከራከርን ነው፤ ያ ወረቀት ጉዲፈቻን አይፈጥርም። ደግሞም ባለትዳር ጉዲፈቻ የሚያደርገው ከትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ ስለሆነ ባለቤትዎ ልባቸው ካላመነበት በግድ እንዲፈርሙ አታድርጉ። በእርጋታ ተነጋገሩ፣ የሚያምኑትንም ዓሊም ጠይቁ።

በሽማግሌ ፊት የተደረገው ሥርዓት በኦሮሞ ባህል ውስጥ ጥልቅ ሥር ያለው ነው፤ እንደ ከንቱ የሚያየውን ሰው አልቀበልም። የተገኙት ሽማግሌዎች ስምና ቀኑ በጽሑፍ ይያዝ፤ ልጅቷ እንደ ልጅ መወሰዷን የሚያስረዳ ጠንካራ ማስረጃ ነውና ከአቤቱታው ጋር ይቅረብ። ነገር ግን ፓስፖርት ሲጠየቅ፣ ባንክ ሲኬድ፣ የገጠር ይዞታ ወራሽ ማን ነው ሲባል የሚፈለገው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የባለቤትዎ ወገኖች ቡና መሬት ካላቸው አንድ ነገር ልብ በሉ። የፌዴራሉ ሕግ በቁጥር 182 የጉዲፈቻ አድራጊው ወላጆችና የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙና ተቃውሟቸውን ስምምነቱ በጸደቀ በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ካስመዘገቡ በእነርሱ ላይ ውጤት አይኖረውም ይላል። ዛሬ በባህሉ የተቀበሏት ዘመዶች ደስ ብሏቸው ሳለ በችሎት ቀርበው ቢመሰክሩ ነገ የሚነሳውን ቅሬታ ያስቀራል።

ጉዳይ እጨርሳለሁ ላለው ሰው ምንም አትክፈሉ። እርሱ የሚያፋጥነው ሕጋዊ ነገር የለም፤ ሊያፋጥን የሚችለው የአባትየውን መጥሪያ መዝለል ብቻ ነው፣ የዚያን መጨረሻ ከላይ ነግሬዎታለሁ። አቅም ካነሳችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቤቱታው የሚጻፈው በፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከቦንጋ በአማርኛ የሚመጡ ሰነዶችን ቀድማችሁ አስተርጉሙ፤ በችሎት ቋንቋው የሚከብዳችሁ ከሆነ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ የእህትዎን የሞት ማስረጃ፣ የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የገቢና የጤና ማስረጃ አዘጋጁ። ከሁለት አንዳችሁ ሃያ አምስት ዓመት መሙላት ይበቃል። የልደት ማስረጃ ከሌላት በወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዘግይቶ የመጣ ምዝገባ ተብሎ ሊወጣላት ይችላል፤ በእናትና በአባት ቦታ ግን የወለዷት ሰዎች ስም ይግባ፣ የራሳችሁን ስም አታስገቡ። ጉዲፈቻው ሲጸድቅ ውሳኔውን ወስዳችሁ እዚያው ታስመዘግቡታላችሁ።

የቀረኝ አባትየው ተገኝቶ ጭራሽ እምቢ ካለ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ይህን ፈርታችሁ ሊሆን ይችላል መፈለጉን የተዋችሁት። ጉዲፈቻው ይከብዳል፣ ልጅቷን ግን ወዲያው ያጣችኋት ማለት አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ከቀድሞው የደቡብ ክልል የመጣ ጉዳይ አይቶ ነበር። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስት ናት፤ ሳያሳድገው የቆየው አባት መጥቶ ልጄን ስጡኝ አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ወላጅ ነውና ይውሰድ አሉ። ሰበር ችሎቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 እና በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ላይ ተመሥርቶ ውሳኔያቸውን ሽሮ ሕፃኑ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል፣ የክልል ፍርድ ቤቶችንም ጨምሮ። ስለዚህ አባትየው እምቢ ካለ የጉዲፈቻውን አቤቱታ ትታችሁ የማሳደግና የሞግዚትነት ጥያቄ ታቀርባላችሁ፤ እርሱ ሌላ ክልል ነዋሪ ሆኖ ክርክሩ የፌዴራል ነው ከተባለም መዝገቡን የምትከፍቱት ጅማ፣ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የሰበር ውሳኔውን መዝገብ ቁጥር በአቤቱታችሁ ላይ ጥቀሱት።